አዋዜን፣ ስልስንና የጣና ቆረሶን በጠርሙስ አሽጎ ወደ ውጭ ስለመላክ

ጥያቄ፦ «በባሕር ዳር ከተማ በማኅበር ተደራጅተን አዋዜ፣ የቲማቲም ስልስና በዘይት የተዘጋጀ ቆረሶ ዓሣ በጠርሙስ እያሸግን ለሆቴሎችና ለሱፐርማርኬቶች እናቀርባለን። ከሞላን በኋላ ጠርሙሱን በትልቅ ድስት ውስጥ አንድ ሰዓት እናፈላዋለን፤ እስካሁን የተበላሸብን የለም። አሁን በአሜሪካ ቨርጂኒያ ሱቅ ያለው ዘመዳችን አንድ ፓሌት ላኩልኝ ብሎናል፤ ጀርመን ያለች ደንበኛም ጠይቃናለች። ከሦስቱ የትኛውን፣ በምን ወረቀት መላክ እንችላለን? የኤፍዲኤ (የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ) ሰርተፍኬት አወጣላችኋለሁ ያለ ደላላም ገንዘብ ጠይቆናል።»

ምላሽ፦

ስለ ወረቀቱ ከመመለሴ በፊት በጥያቄዎ መካከል በአጭሩ ያለፉትን አንድ ጉዳይ ማንሳት ግድ ይለኛል። ዓሣውን በዘይት ሞልታችሁ፣ ጠርሙሱን በድስት ውሃ አፍልታችሁ፣ ከዚያም ያለማቀዝቀዣ መደርደሪያ ላይ እንዲቀመጥ የምታስረክቡ ከሆነ፣ ይህን ምርት ለአሜሪካ ቀርቶ ለባሕር ዳር ሆቴሎችም ማቅረብ ከዛሬ ጀምሮ ማቆም፣ በየሱቁ ያለውንም መሰብሰብ ይገባችኋል። ምክንያቱ በአፈርም በውሃ ደለልም ውስጥ የሚገኘው ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የተባለው ባክቴሪያ ነው። ይህ ባክቴሪያ ክፉ ጊዜ የሚያሳልፍበት፣ ስፖር የሚባል ጠንካራ ሽፋን ያለው ቅርጽ አለው፤ ስፖሩም በሚፈላ ውሃ ውስጥ ለሰዓታት ቆይቶ ሳይሞት ይወጣል። በኋላ አየር የሌለበት፣ እርጥበት ያለበትና አሲዱ አነስተኛ የሆነ ቦታ ሲያገኝ ነቅቶ ይራባል፤ ሲራባም የሰውን ነርቭ የሚያሽመደምድ መርዝ ያመርታል። በዘይት የተሸፈነ፣ ክዳኑ የጠበቀ ዓሣ ለዚህ ሁሉ ምቹ ነው። መርዙ የምግቡን ሽታም ሆነ ጣዕም ሳይለውጥ ሊገኝ ስለሚችል «እስካሁን የተበላሸብን የለም» የሚለው አነጋገር ለዚህ አደጋ ማስረጃ አይሆንም።

የከተማችን ከፍታ ነገሩን ያባብሰዋል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ የቱንም ያህል እሳት ቢጨመርበት ክፍት ድስት ከዚያ አያልፍም። አሲዱ አነስተኛ የሆነ ምግብ ያለማቀዝቀዣ በደኅና እንዲቀመጥ ግን የጠርሙሱ እምብርት፣ ማለትም ሙቀት ዘግይቶ የሚደርስበት ነጥብ፣ በ121 ዲግሪ ለ3 ደቂቃ ያህል ከመቆየት ጋር የሚተካከል ሙቀት ማግኘት አለበት። ይህ የሚገኘው በግፊት በሚሠራ ማምከኛ፣ በሙያው ሪቶርት በሚባለው መሣሪያ ነው። መሣሪያውን ገዝታችሁ እንኳ የአምራቹን የግፊት ሠንጠረዥ እንዳለ መከተል እዚህ አያዋጣም፤ በባሕር ወለል ከፍታ 121 ዲግሪ ለማግኘት የግፊት መለኪያው 15 ፒኤስአይ ማሳየቱ ሲበቃ በባሕር ዳር ግን ወደ 18 መድረስ ይኖርበታል። ስለዚህ መታመን ያለበት ቴርሞሜትሩ ነው። ለብርጭቆ ሌላም ጣጣ አለ፤ በሚቀዘቅዝበት ጊዜ ከውጭ የአየር ግፊት ካልተጨመረበት ክዳኑ ይፈናቀላል፣ ስለዚህ ለጠርሙስ የሚሆነው ይህን ግፊት መጨመር የሚችል ሪቶርት ብቻ ነው።

ይህን ያስቀደምኩት የወረቀቱን ጥያቄ የሚወስነው ይኸው ስለሆነ ነው። በታሸገ ምግብ ዓለም አቀፍ ንግድ ውስጥ ከሁሉ በላይ የምትፈለገው ቁጥር ፒኤች 4.6 ናት። ፒኤች የአሲድ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ዝቅ ባለ መጠን አሲዱ ይበዛል። ፒኤቹ ከ4.6 በላይ የሆነና ባክቴሪያ ሊጠቀምበት የሚችል ነጻ ውሃ ያለው ምግብ «ዝቅተኛ አሲድ» ይባላል፤ ከላይ የተገለጸውን የሪቶርት ሕግ ሁሉ ይሸከማል። በተፈጥሮው ዝቅተኛ አሲድ ሆኖ ኮምጣጤ ወይም ሲትሪክ አሲድ ተጨምሮበት 4.6 ወይም ከዚያ በታች የወረደው «አሲድ የተጨመረበት» ይባላል፤ ቦቱሊነም በዚህ ውስጥ ማደግ ስለማይችል ከ100 ዲግሪ በታች በሆነ ሙቀት መምከን ይበቃዋል። ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ አውጪ አካል ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው የአሠራር ደንብም፣ የአሜሪካ ሕግም ይህንኑ መስመር ይከተላሉ። የትኛው ቅጽ እንደሚሞላ፣ የትኛው ባለሙያ እንደሚፈርም፣ ዕቃችሁ ወደብ ላይ ይያዝ ወይም ይለፍ የሚለው ሁሉ ከዚህች ቁጥር ይመነጫል። እንግዲህ ሦስቱን ምርቶች በዚህ መስመር እንያቸው።

ለመጀመሪያው ጭነት አዋዜውን እንድትመርጡ እመክራለሁ። አዋዜ በባሕርዩ ጨዋማና ወፍራም ስለሆነ ብዙ ሰው በራሱ የሚጠበቅ ይመስለዋል። ሆኖም ውስጡ ያለው ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ከአፈር የመጡ፣ አሲዳቸው አነስተኛ የሆኑ ናቸው፤ በተለይ ነጭ ሽንኩርት በዘይት ውስጥ ተዘፍቆ ያለማቀዝቀዣ ሲቀመጥ በውጭው ዓለም ለቦቱሊዝም መነሻ በመሆን በሚገባ ይታወቃል። ስለዚህ የምግብ አዘገጃጀታችሁ ኮምጣጤን ወይም ሲትሪክ አሲድን በሚዛን፣ በግራም ተለክቶ ማካተት አለበት። የሎሚ ጭማቂ ለጣዕም መልካም ቢሆንም አሲዱ ከሎሚ ሎሚ ስለሚለያይ ዋናውን ሥራ ለእሱ አትተዉለት። ፒኤቹ የሚለካው ከተቀላቀለ በኋላ ወዲያው አይደለም፤ አሲዱ የበርበሬውንና የነጭ ሽንኩርቱን ደቃቅ ቅንጣት ሁሉ ዘልቆ እኩል እስኪሆን ድረስ አንድ ሙሉ ቀን ማቆየትና ከዚያ መለካት ይገባል። በዚያን ጊዜ ውጤቱ 4.2 ወይም ከዚያ በታች ሆኖ ሊገኝ ይገባል፤ ሕጉ 4.6 ቢልም ከገደል አፋፍ መራቅ ይሻላል። ለመለካት ዲጂታል ፒኤች ሜትር ያስፈልጋችኋል፤ በየሥራው ቀን መጀመሪያ ፒኤቻቸው 4 እና 7 በሆኑ ማስተካከያ ፈሳሾች መስተካከል ይኖርበታል። ቀለም የሚለውጠው ወረቀት በአሜሪካ ደንብ የሚፈቀደው ፒኤቹ ከ4.0 ላልበለጠ ምርት ብቻ ነው፤ በርበሬ ደግሞ ወረቀቱን ራሱ ስለሚያቀላው ለአዋዜ ጨርሶ አይረባም።

አዋዜውን በጠጅ ወይም በአረቄ የምታቀጥኑ ከሆነ ለውጭ ገበያው ተዉት፤ አልኮል ሌላ የሕግ በር ይከፍታል። ለቀናት አስቀምጣችሁ እንዲቦካ የምታደርጉም ከሆነ ይህንኑ የማምከን ሂደቱን ለሚያጸድቅላችሁ ባለሙያ (ወደ ኋላ እመለስበታለሁ) አስቀድማችሁ ንገሩት፤ በተፈጥሮ ቦክቶ አሲዱ የጨመረ ምግብ በአሜሪካ ሕግ ከ«አሲድ የተጨመረበት» ተለይቶ ስለሚታይ ለኤፍዲኤ የምታስገቡት ፋይል ዓይነት ሊለወጥ ይችላል።

የአዋዜ ሌላው ፈተና ከማሰሮው በፊት በርበሬው ላይ ነው። በርበሬ በመሬት ላይ ተሰጥቶ፣ በሌሊት ጤዛ እየረጠበ፣ በደንብ ሳይደርቅ በጆንያ ሲከማች አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ የሚያመርት ሻጋታ ይይዘዋል፤ አፍላቶክሲንን ደግሞ መቁላትም ሆነ ማፍላት አያጠፋውም። የአውሮፓ ኅብረት በደረቀ በርበሬ ላይ የሚፈቅደው አፍላቶክሲን ቢ1 በኪሎ ከ5 ማይክሮግራም፣ ጠቅላላው ደግሞ ከ10 ማይክሮግራም ሊበልጥ አይችልም። ከኢትዮጵያ የሚሄድ በርበሬና ቅመምም ደንብ ቁጥር 2019/1793 ተጨማሪ የድንበር ቁጥጥር ከሚያዝባቸው ምርቶች መካከል ስሙ የሰፈረ ስለሆነ፣ ዝርዝሩም በየጊዜው ስለሚከለስ፣ የጀርመኗ ደንበኛችሁ ከማዘዟ በፊት የወቅቱን ዝርዝር እንድታይ ጠይቋት። ከቡሬም ሆነ ከሌላ ቦታ ስትገዙ በሸራ ወይም ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ የደረቀውን ዛላ በራሳችሁ መርጣችሁ ግዙ፤ የተፈጨ ከገበያ አትግዙ። በተፈጨው ውስጥ ሱዳን የሚባለው የተከለከለ ቀይ ቀለም ቢገኝ ጥፋቱ የወፍጮ ቤቱ ቢሆንም ስሙ የሚጠፋው የእናንተ ነው።

ስልሱ ሁለተኛ ይምጣ። ቲማቲም በተፈጥሮው አሲዳማ ነው ተብሎ ቢታመንም በጣም የበሰለ ቲማቲም ፒኤቹ 4.6ን ሊጠጋና ሊያልፍ ይችላል፤ በዚያ ላይ የእኛ ስልስ ግማሽ ሕይወቱ ቀይ ሽንኩርት ነው። ከፎገራ በመስኖ ወቅት የምትገዙት ቲማቲምና በሌላ ወራት ከሌላ አካባቢ የሚመጣው አንድ ዓይነት ውጤት አይሰጥም፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ድስት ለብቻው መለካት ግድ ነው። ስልሱን በቅቤ ሳይሆን በዘይት ሥሩት። ወደ አውሮፓ ኅብረት በሚሄድ ድብልቅ ምግብ ውስጥ ያለ የወተት ተዋጽኦ ከተፈቀደለት አገርና ከተፈቀደለት ተቋም የመጣ መሆን ስላለበት አንዲት ማንኪያ ንጥር ቅቤ ጭነቱን ሁሉ ታስቀራለች። ደግሞም የጾም ስልስ ለውጭ ያለው ወገናችን የሚሸጠው በዓመት ከግማሽ በላይ ለሆኑ ቀናት ነው።

ዓሣው ይቆይ። ወደ አሜሪካ ለመላክ ከሪቶርቱ በተጨማሪ ለዓሣ ምርቶች በተለይ የወጣውን የሃሳፕ (አደጋን አስቀድሞ ለይቶ የመቆጣጠር) ደንብ ማሟላት ይጠይቃል፤ ወደ አውሮፓ ደግሞ አገሩም ፋብሪካውም በኅብረቱ ዝርዝር ላይ መስፈር አለባቸው። በነገራችን ላይ ከቆረሶ ወደ አምባዛ ልትሻገሩ አስባችሁ ከሆነ ይህ አይሞከርም፤ አምባዛ የሚመደብበትን የዓሣ ክፍል በአሜሪካ የሚቆጣጠረው ኤፍዲኤ ሳይሆን የግብርና ሚኒስቴራቸው ነው፤ ሚኒስቴሩም የቁጥጥር ሥርዓታቸው ከአሜሪካው ጋር ይተካከላል ብሎ ከተቀበላቸው ጥቂት አገሮች ውጭ አያስገባም፤ ኢትዮጵያም ከእነዚህ አንዷ አይደለችም።

አሁን ወደ አሜሪካው ወረቀት ልምጣ። ደላላው አወጣላችኋለሁ ያለው «የኤፍዲኤ ሰርተፍኬት» የሚባል ነገር የለም። ኤፍዲኤ የምግብ ተቋማትን ይመዘግባል እንጂ የምዝገባ ሰርተፍኬት አይሰጥም፤ ምዝገባውም በኢንተርኔት የሚደረግና ክፍያ የሌለው ነው። የእናንተ ተቋም በመጀመሪያ መለያ ቁጥር፣ በተለምዶ ደንስ የሚባለውን፣ ማግኘት ይኖርበታል፤ ከዚያ አሜሪካ ውስጥ የሚኖር ወኪል ሰይማችሁ ትመዘገባላችሁ፤ ዘመዳችሁ ፈቃደኛ ከሆነ ወኪሉ እሱ ሊሆን ይችላል። ምዝገባው በየሁለት ዓመቱ፣ በ2026፣ በ2028 እ.ኤ.አ. እያለ በሚሄደው ዓመት ከኦክቶበር 1 እስከ ዲሴምበር 31 መታደስ አለበት፤ ያላደሰ እንዳልተመዘገበ ይቆጠራል።

ብዙዎች እዚህ ላይ ጨረስን ብለው ይጭናሉ፤ ዕቃቸው የሚያዘውም በዚሁ ምክንያት ነው። አሲድ የተጨመረበት ምግብ የሚያሽግ ተቋም ከአጠቃላዩ ምዝገባ ሌላ በቅጽ 2541 ራሱን የማሸጊያ ተቋም አድርጎ አስመዝግቦ ኤፍሲኢ የሚባል ቁጥር ማግኘት፣ ከዚያም ለእያንዳንዱ ምርትና ለእያንዳንዱ የጠርሙስ መጠን የማምከን ሂደቱን በቅጽ 2541ኢ ማስገባት አለበት። አዋዜው በ250 ግራምና በ500 ግራም ጠርሙስ ቢታሸግ ሁለቱም መጠኖች በፋይሉ ውስጥ መታየት አለባቸው ማለት ነው። ይህም ክፍያ የለውም፤ ገንዘብ የሚያስወጣው ሂደቱን መርምሮ በጽሑፍ የሚያጸድቀው ባለሙያ ነው። ደንቡ ይህ ባለሙያ በአሲድ አጠባበቅና በማምከን የዳበረ ዕውቀት ያለው እንዲሆን ይጠይቃል። ለመጀመሪያው ሥራ፣ ለፒኤችና ለሙቀት ሙከራው፣ በባሕር ዳር ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የኬሚካልና ምግብ ምህንድስና ፋኩልቲ በራችሁ ላይ ነው፤ ለአሜሪካው ፋይል ግን ናሙና ተቀብለው የሂደት ደብዳቤ የሚሰጡ እንደ ኮርኔል ያሉ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ለደላላው የተጠየቃችሁትን ገንዘብ ለዚህ አውሉት። ሥራውን የሚመራው ሰው ደግሞ ኤፍዲኤ የሚቀበለውን የማምከን ቁጥጥር ሥልጠና የወሰደ መሆን አለበት፤ በኢንተርኔት የሚሰጥም አለ። በእያንዳንዱ ጠርሙስ ላይ የምርት ቀኑንና ድስቱን የሚያሳይ ኮድ ይኑር፤ የፒኤችና የሙቀት መዝገቡም ለ3 ዓመት ይቀመጣል።

ዘመዳችሁም ባዶ እጁን አይቀበልም። የውጭ አቅራቢውን የማረጋገጥ ግዴታ በሕግ የተጣለው በአስመጪው ላይ ነው፤ የዓመት የምግብ ሽያጩ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በታች የሆነ ትንሽ አስመጪ ቀለል ያለ ሥርዓት ቢፈቀድለትም ከእናንተ የጽሑፍ ማረጋገጫ መያዝ አለበት። ዕቃው ከመድረሱ በፊት ቅድመ ማስታወቂያ ይገባል፤ በአውሮፕላን ከሆነ ቢያንስ 4 ሰዓት፣ በመርከብ ከሆነ ቢያንስ 8 ሰዓት ቀድሞ። ቀረጡን በሚመለከት ኢትዮጵያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአጎዋ የቀረጥ ነጻ ዕድል ውጭ ስለሆነች መደበኛው ታሪፍ ይከፈላል፤ በመደበኛው ሠንጠረዥ የቲማቲም ስልስ 11.6 በመቶ፣ እንደ አዋዜ ያለው ድብልቅ ማጣፈጫ 6.4 በመቶ ሲሆን፣ በዚህ ላይ የሚታከሉት ልዩ ታሪፎች ስለሚለዋወጡ ዘመዳችሁ ዋጋ ከመቁረጡ በፊት የጉምሩክ ወኪሉን ይጠይቅ። አዋዜው ይቅደም ያልኩበት ሌላው ምክንያትም ይኸው ነው።

ወደ ጀርመን በሚሄደው ላይ የቀረጡ ነገር ተቃራኒ ነው፤ ኢትዮጵያ ከመሣሪያ በስተቀር ሁሉ ነጻ በሚለው የኅብረቱ ሥርዓት ተጠቃሚ ስለሆነች የመነሻ አገር መስፈርቱን ያሟላ ዕቃ ያለቀረጥ ይገባል። የጭነቱ ዋጋ እስከ 6,000 ዩሮ ከሆነ በደረሰኙ ላይ የሚጻፍ የመነሻ አገር መግለጫ ይበቃል፤ ከዚያ ሲያልፍ ሬክስ በሚባለው የላኪዎች መዝገብ መመዝገብ ያስፈልጋል። አውሮፓ የሚጠብቀው ሌላ ቦታ ነው፤ ከአፍላቶክሲኑ ሌላ ክዳኑን ይመረምራል። ቢስፌኖል ኤ የተባለውን ኬሚካል በምግብ ማሸጊያ ቅብ ውስጥ የሚከለክለው ደንብ 2024/3190 ከጃንዋሪ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ስለዋለ፣ ክዳን ስትገዙ ከሻጩ ቅቡ ከዚህ ነጻ መሆኑን የሚያረጋግጥ ወረቀት ጠይቁ፤ ወረቀት የሌለውን ክዳን በርካሽ ቢሰጧችሁም ለውጭ ገበያ አትጠቀሙበት። በጠርሙሱ ላይ የሚለጠፈው የስያሜ ወረቀትም ይለያያል፤ ሰሊጥ በሁለቱም አገር አለርጂ ቀስቃሽ ተብሎ በግልጽ ይጻፋል፤ ሰናፍጭ ግን በአውሮፓ ዝርዝር ውስጥ ሲኖር በአሜሪካው የለም። ስለዚህ አንድ ስያሜ አሳትሞ ለሁለቱም መለጠፍ አይሆንም።

የአገር ቤቱ ሥርዓት በንጽጽር የታወቀ ስለሆነ አላበዛውም። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የሚጠይቀው የብቃት ማረጋገጫ፣ የላኪነት ንግድ ፈቃድ፣ በባንክ የተመዘገበ የሽያጭ ውል፣ የጤና ሰርተፍኬት፣ የመነሻ አገር ሰርተፍኬትና የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ናቸው።

ፓሌቱን በሚመለከት ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። የእንጨት ፓሌት እምብርቱ በ56 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ የሞቀና የዓለም አቀፉ ማኅተም ያረፈበት መሆን አለበት፤ ከሰፈር አናጢ የተሠራ ፓሌት ላይ የተጫነ እንከን የለሽ አዋዜ በእንጨቱ ምክንያት ይመለሳል። ሁለተኛው መንገዱ ነው፤ ጠርሙሱ ጅቡቲ እስኪደርስ የዓባይን ሸለቆ ወርዶ ወጥቶ፣ የአፋርን ሙቀት አልፎ ነው የሚሄደው። በካርቶኑ ውስጥ ጠርሙስ ከጠርሙስ እንዳይነካካ መለያ ይግባበት፤ ከመላካችሁ በፊትም አንድ ሙሉ ካርቶን በጭነት መኪና ወደ አዲስ አበባ ልካችሁ አስመልሱና ክዳኖቹ መሃላቸው ወደ ውስጥ እንደሰረጎደ መሆኑን አንድ በአንድ ተጫኗቸው። ሲጫኑት «ቀጭ» የሚል ክዳን አየር ገብቶበታል።

ክፍያውን ከዘመድ ጋር ነው ብላችሁ በቃል አትተዉት። ዋጋው የጅቡቲ ወደብ ማስረከቢያ መሆኑ በውሉ ላይ ተጽፎ፣ ለመጀመሪያው ጭነት ቅድሚያ ክፍያ በባንክ እንዲገባ አድርጉ። ገንዘቡ በሐዋላ በግል ሒሳብ ከመጣ ባንኩ ዕቃው እንደተሸጠ አይመዘግብላችሁም፤ ክፍያው ያልተዘጋ ላኪ ደግሞ ለቀጣዩ ጭነት ፈቃድ ሲጠይቅ ይከለከላል።